ያልተወለወለ ብር

አቶ ካኖ ቶኩዞን የገደላቸው ሰው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የገባው። በሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስ ሥራዬ ብዙ ጭካኔ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ጨዋነት ግን ያንገሸግሸኛል። እንግዳው ተቀምጦ የቀረበለትን ሻይ ጠጥቷል፤ ስኒው ባዶ ነበር። ከዚያ ሽማግሌው ቢላዎቻቸውን የሚስሉበትን ድንጋይ አነሳና ከኋላቸው ማጅራታቸውን መታቸው። ሦስት ጊዜ።

ካኖ የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት፣ ሰው በፊርማ ፋንታ የሚመታውን የስም ማኅተም ቀራጭ ነበሩ። ፉኩሺማ ከተማ ውስጥ ግማሹ ሰው ስሙን ያስቀረጸው በእሳቸው እጅ ነው፤ የእኔም ማኅተም የእሳቸው ሥራ ናት። ሰኞ ጠዋት ሬሳቸውን ያገኘችው ልጃቸው ሚሳኦ ስንደርስ የሾርባ ድስት አቅፋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«አስቀምጪው እንጂ» አልኳት።

«ይቀዘቅዝባቸዋል» አለች።

አልፌያት ገባሁ።

ምንጣፉ ላይ የብር ሳንቲሞች እንደ ሽምብራ ተበትነዋል። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቧቸው ናቸው። ሦስት የወርቅ ሳንቲሞች የሉም። የሳንቲሞቹ ማስቀመጫ ትናንሽ የእንጨት ሣጥኖች አፋቸውን ከፍተው ተገለባብጠዋል። አንዲቷ ብቻ ክዳኗን ገጥማ ጠረጴዛው መካከል ላይ ቁጭ ብላለች። ስናነሳት ከሥሯ ያለው ደም ተድጦ አገኘነው። ሣጥኗ እዚያ የተቀመጠችው ሰውየው ከሞቱ በኋላ ነው ማለት ነው።

ከፈትኋት። ነጭ ወረቀት በሥርዓት ታጥፏል። በውስጡ ባለ ዘንዶ የአንድ የን የብር ሳንቲም፣ መቶ ዓመት የሆነው። ጠርዙ የበሰለ ብርቱካን ይመስላል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ሐምራዊ ይሆንና መካከሉ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ያርፋል። ዘንዶው አንገት ላይ ምስር የምታህል የደም ጠብታ ደርቃለች።

«አሻራስ?» አልኩት የአሻራ ባለሙያውን።

«የሟቹ ብቻ ነው። እነዚህ ሰብሳቢዎች ብር ሲይዙ የጥጥ ጓንት ያጠልቃሉ። ለእንግዳ የተዘጋጀው ጓንት ጠፍቷል።»

ያቺን ጠብታ ቆሜ አየኋት። ሰውየው ሁሉን ሲበትን ይህቺን ለምን ወደ ሣጥኗ መለሳት? ከመለሳትስ ደሙን ጠረግ ቢያደርገው ምን ነበረበት? ጥያቄው እንደ እሾህ ውስጤ ተሰክቶ ቀረ።

አለቃዬ ሙናካታ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ነገሩን ጨርሶታል። እሑድ ምሽት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ጎረቤት የሚሳኦን ባል ኤይሱኬን የሽማግሌው በር ላይ አይታዋለች። ሐኪሙ የሞቱበትን ሰዓት ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ብሎታል። አጥሩ ላይ ደግሞ ኤይሱኬ የገዛው እንጆሪ በከረጢት ተሰቅሎ ተገኝቷል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ሰፈሩም አማችና አማት አንድ ዓመት ሙሉ እንዳልተነጋገሩ ለመመስከር ተሽቀዳደመ።

ኤይሱኬ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ሥራው አሮጌ መኪና አጥቦና ወልውሎ አዲስ ማስመሰል ነው። ጥፍሮቹ ሥር የመወልወያ ሰም ገብቷል።

«በምን ተጣላችሁ?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «በጥርስ ሳሙና።»

ሙናካታ ከት ብሎ ሳቀ። ኤይሱኬ እስኪጨርስ ጠበቀው።

«ለሰባኛ ዓመታቸው ባለ ዘንዶ ብር ገዛሁላቸው። ከደመወዜ ሦስት ወር ቆጥቤ። ጠቋቁሮ ነበር፤ ቆሻሻ መሰለኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በጥርስ ሳሙና ፈተግሁት። እንደ ማንኪያ ሲያብረቀርቅ ደስ አለኝ። ጓደኞቻቸው ባሉበት ሰጠኋቸው።»

«እና?»

«"የመቶ ዓመት ዕድሜ በአንድ ቀን ገደልክ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገሩኝም።»

«እሑድ ምን ልታደርግ ሄድክ?» አለ ሙናካታ። «ልትጨርሳቸው?»

«ይቅርታ ልጠይቃቸው። በሩ ጋ ስደርስ የሰው ድምፅ ሰማሁ። አባባ ይስቁ ነበር። እንግዳ ፊት ደግሞ እንዳላሳፍራቸው ብዬ እንጆሪውን ሰቅዬ ተመለስሁ።» ጥፍሩ ሥር ያለውን ሰም መፋቅ ጀመረ። «ብገባ ኖሮ እኮ…»

«ይሄን ለዐቃቤ ሕግ ትነግረዋለህ» አለው ሙናካታ። ውጭ ስንወጣ ደግሞ ወደኔ ዞረ። «ረቡዕ እኩለ ቀን አስረክበዋለሁ፣ ኒሄይ። እስከዚያ ሌላ ሰው ካለህ አምጣ። ከሌለህ ፊትህን አታጨማድድብኝ።»

ሁለት ቀን። እዚህ አገር ዐቃቤ ሕግ እጅ የገባ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ያየሁት ከጣቶቼ ያነሰ ጊዜ ነው።

ማክሰኞ በማለዳ አቶ ሃንጋይ ቤት ሄድሁ። ጡረታ የወጣ የባቡር ተቆጣጣሪ ነው፤ ሰባ ስድስት ዓመቱ። የካኖ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር አራት ሰው ብቻ ነበር፦ ካኖ፣ ሃንጋይ፣ የጥርስ ሐኪሙ አንዛይና ፎቶ ቤት ያለው ሺሺዶ። በወሩ ሦስተኛ እሑድ አንድ የኑድል ምግብ ቤት ጓሮ ክፍል ይሰበሰቡና እያንዳንዱ አዲስ የገዛውን ያሳያል።

«እሑድ ሰባት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ ጀመርን» አለ ሃንጋይ። «ዘጠኝ ከሃያ ላይ ተበተንን። የቀኑ ንግሥት የሺሺዶ ብር ነበረች። ከአንድ የኪዮቶ አሮጌ ቤት የተገኘች፣ ሰማንያ ዓመት ወረቀት ውስጥ ተጠቅልላ የኖረች። አይ ቀለሟ! አንዛይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል፣ ቀናሁ።»

«አቶ ካኖስ?»

«ካኖ በማጉያ መነጽር ሲያያት ቆየና ዝም አለ። እሱ ሲያደንቅ ዝም ይላል። ብር ፊት ለፊት ወሬ የለም፤ ምራቅ ይፈናጠርና ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። በኋላ ሲወጡ ሺሺዶን በክርኑ ጎሸም ሲያደርገው አይቻለሁ።»

ከፋይ ጨርቅ ላይ የራሱን አዲስ ግዢ አቀረበልኝ። ደብዛዛ ሆኖ ታየኝና መሀረቤን አውጥቼ ላጠራው እጄን ዘረጋሁ።

ሃንጋይ ጮኸ። ሰባ ስድስት ዓመት የሆነው ሰው ከተቀመጠበት ዘሎ አንጓዬን ጨመደደኝ።

«እብድ ነህ ወይ! አትንካ!»

«ላብሰው ብዬ ነው እንጂ…»

«አይታበስም! አቧራ ቢሆን አይታበስም፣ ጭቃ ቢሆን አይታበስም! ያ ቀለም ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ ነው። አንዴ ካሸኸው ሰማንያ ዓመት ጠብቅ!» ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ። «ይቅርታ፣ ኢንስፔክተር። እጄ ቀደመኝ።»

ይቅርታውን አልሰማሁትም። ያቺ ምስር የምታህል ጠብታ ዓይኔ ላይ ድቅን አለች። ኤይሱኬ ቢሆን ኖሮ በሸሚዙ እጅጌ ወልውሎ ያበራት ነበር። ገዳዩ ሰው ይገድላል፤ ብር ግን አያሽም። እጁ ቀድሞታል።

«ኤይሱኬ የፈተገውስ ብር የት ደረሰ?» ስል ጠየቅሁ።

«ካኖ ብስጭት ብሎ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ለሺሺዶ ገፋለት። "ውሰድና አቅልጠው" አለው። ልጁ ቆሞ እያየ። ጭካኔ ነበር፤ በኋላ ካኖም ተጸጽቷል። እንዴት እንደሚመልሰው ጠፍቶት ነው እንጂ።»

ወደ ሙናካታ ደወልሁ። «የደም ጠብታ ስላልተጠረገች ልጁን ልፍታ?» አለኝና ስልኩን ዘጋው።

ሃንጋይ እሑድ አመሻሽ ከስምንት ሰዎች ጋር የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ ዳማ ሲጫወት ነበር። የጥርስ ሐኪሙ አንዛይ ደግሞ ምስክሩ ሊካድ የሚችል አልነበረም፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሙናካታ አለቃ የሆነው የፖሊስ ጣቢያችን ኃላፊ መንጋጋ ላይ ተንጠልጥሎ ጥርስ ይነቅል ነበር። የጣቢያው ኃላፊ ጉንጩ እንዳበጠ ነው የመሰከረለት።

ቀረኝ ሺሺዶ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ለስላሳ፣ ሲናገር የሚያቀረቅር። ተራራው ላይ ያለው የታካዩ ፍል ውሃ ልማዱ እንደሆነ ነገረኝ። እሑድ እሑድ ይሄዳል፤ እዚያው ያድራል።

«ያን ቀን በስንት ሰዓት ደረሱ?»

«አሥራ አንድ ላይ። መዝገቡ ላይ ፈርሜያለሁ። ልክ አሥራ ሁለት ላይ ገንዳው ውስጥ ነበርኩ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ እያየሁ። ምስኪን ካኖ በዚያው ሰዓት…» ዓይኑን ጠረገ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የማምነው።

«ከጠፉት ጋር ላመሳክር ነው፣ እሑድ ያሳዩትን ብር ለአንድ ቀን ያውሱኝ» አልኩት። ትንሽ አመነታ። ከዚያ በሁለት እጁ፣ ሕፃን እንደሚያቀብል ሰው ሰጠኝ።

«በጠርዟ ይያዟት» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ታካዩ ወጣሁ። አውቶቡሱ ዳገቱን ሲጨርስ የድኝ ሽታ በመስኮት ገባ። የማረፊያ ቤቱ ባለቤት እትዬ ቶሜ መዝገቡን ዘረጋችልኝ። ሺሺዶ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ፊርማ። ሰዓቱ ከተናገረው ጋር ገጥሟል። ለነገሩ ብዬ ራሴ ገላዬን ታጠብሁ፤ ጉልበቴን ያመኛል፤ የተናደደ ሰው ደግሞ ሙቅ ውሃ ይሻለዋል።

ወጥቼ ልለብስ ስል የከረባቴን መቆንጠጫ አየሁት። የሃያኛ ዓመት ሽልማቴ ነው፣ ንጹሕ ብር። እንፋሎቱ ውስጥ ትቼው ነበር። ጠርዙ ብርቱካናማ፣ ወደ ውስጥ ሐምራዊ፣ መካከሉ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ልክ ሺሺዶ እንዳዋሰኝ ብር። እርቃኔን ቆሜ አፈጠጥሁበት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ብር ግን እያደር ይጠቁራል፤ እዚህ ቤት ደግሞ ማደርም አያስፈልገውም፤ የድኙ እንፋሎት የመቶ ዓመቱን ቀለም በአንድ ሰዓት ይሰጠዋል።

ልብሴን ጣል አድርጌ ከነእርጥብ ፀጉሬ ወጣሁ። «እትዬ ቶሜ! ሺሺዶ እዚህ ምን ያደርጋል?»

«ምን ያደርጋል? ይታጠባል። ደግሞ ከምንጩ የሚመጣው ውሃ በሚወርድበት አሸንዳ ላይ በክር አንድ ነገር ያንጠለጥላል። "እንቁላል ልቀቅል ነው" ይላል። ዓመት ሙሉ ቀቀለ፤ አንድ ቀን ሲበላ ግን አላየሁትም። እኔ ምን አገባኝ፣ ሆድ የራሱ።»

«እሑድ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገንዳው ውስጥ አይተሽዋል?»

ሳቀች። «ገንዳው ውስጥ? ገንዳው ባዶ ነበር እኮ! በወር አንዴ የድኙን ዝቃጭ እንፍቃለን። ከአሥራ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት እኔና ባሌ ገንዳው ውስጥ ተንበርክከን ስንፍቅ ነበር። መዝገቡ ላይ እንግዳው ራሱ ነው ሰዓቱን የሚጽፈው፤ ማን ያየዋል?»

ሰውየው እንደዋሸ አወቅሁ። ለምን እንደዋሸ ግን ገና መላ ምት ነው፤ በመላ ምት ደግሞ ሙናካታ ሰው አይፈታም። አንድ ምስክር ቀርቶኛል። እሱም እስር ቤት ነው።

ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት። ኤይሱኬ ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው ዓይን ይዞ ገባ። ጠረጴዛው ላይ ከፋይ ዘርግቼ አራት ባለ ዘንዶ ብሮች ደርድሬያለሁ፦ ሁለት የአንዛይ፣ አንድ የሃንጋይ፣ አንድ የሺሺዶ። ሙናካታ ግድግዳ ተደግፎ ሰዓቱን ያያል።

«ከእነዚህ የምታውቀው አለ?» አልኩት።

«እኔ? እኔ ስለ ሳንቲም ምን አውቃለሁ፣ ጌታዬ። ሁሉም ቆሻሻ ነው የሚመስለኝ።» ደንግጦ አፉን ያዘ። «ማለቴ…»

«እየው ብቻ።»

እጆቹን ወደ ኋላው አጣምሮ ጎንበስ አለ። አንደኛውን አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። የሺሺዶ ነበር። በጣም ተጠጋው።

«ይሄ… ይሄ የኔ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለ ሙናካታ።

«ከዘንዶው ሦስተኛ ጥፍር ሥር ጠባሳ አለች። እንደ ሩዝ ፍሬ ጎበጥ ያለች። ቆሻሻ መስላኝ እሷን ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈተግኋት፤ አልወጣ አለችኝ። የጥርስ ብሩሼ የተሰበረው እዚያ ላይ ነው።» ቀና አለ። «ግን እኔ አብርቼው ነበር። እንዴት እንዲህ ጠቆረ?»

ማጉያ መነጽሩን አንስቼ አየሁ። ሦስተኛው ጥፍር ሥር ጠባሳዋ አለች፤ ጎበጥ ያለች። ለሙናካታ አቀበልሁት። ብዙ ቆየበት። ከዚያ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ኪሱ ከተተና፣ «ሺሺዶን አምጡት» አለ።

ሺሺዶ ብዙ አልታገለም። የወርቅ ሳንቲሞቹ ከፎቶ ቤቱ ጨለማ ክፍል፣ የማጠቢያ መድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ ወጡ።

«አንድ ብቻ አይደለም» አለ። «ድኙ ውስጥ ያቀለምኋቸው አሥራ አንድ ናቸው። ስድስቱ አንዛይ ጋ ናቸው። ሰው ፈትጎ የገደለው ብር ላይ ነፍስ ዘራሁ እንጂ ማንን ጎዳሁ? ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን የኔን አይተው አፋቸውን ከፍተው አያውቁም ነበር። አንድ ቀን!»

«ካኖ አወቁብህ።»

«ማኅተም ቀራጭ ነዋ፤ አንዴ ያያትን ጭረት አይረሳም። ሰው ፊት ግን አላዋረደኝም። "ማታ ብቅ በል፣ ይዘሃት ና" አለኝ። ሻይ አፈላልኝ። የራሱን ብር አውጥቶ ከኔዋ አጠገብ አስቀመጠና ሳቀ።»

«ምን አለህ?»

«"ለማንም አልናገርም፤ ብቻ መልስልኝ" አለ። "የልጄ ስጦታ ናት፣ በንዴት የጣልኋት። ጠቁራም ቢሆን ልውሰድለትና እንታረቅ" አለ።» ሺሺዶ ጉልበቱን አየ። «እየሳቀ እኮ ነው። እየሳቀብኝ መሰለኝ። ነገ ማኅበሩ ሁሉ ይስቅብኛል አልኩ። ሊያሳየኝ ጀርባውን ሰጥቶ አንድ ሣጥን ሲፈልግ…»

አላስጨረስሁትም። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ ለመዝገብ ሳይሆን ለራሴ።

«ዝርፊያ ለማስመሰል ሁሉን ስትበትን የእሳቸውን ብር ለምን ሣጥን ውስጥ መለስህ?»

«ብወረውረው ይጫራል።»

«ደሙንስ? ለምን አልጠረግኸውም?»

ቀና ብሎ አየኝ። ያን ሁሉ ሲናዘዝ ያላየሁበት ድንጋጤ አሁን ፊቱ ላይ መጣ። አረመኔ እንዳየ ሰው።

«ብር ይጠረጋል እንዴ?» አለኝ።

ኤይሱኬ እኩለ ቀን ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ተፈታ። ሚሳኦ ልትወስደው መጥታ በር ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ተራራው ይታያል፤ በረዶው ቀልጦ ቀልጦ፣ የቀረው ጎኑ ላይ የነጭ ጥንቸል ቅርጽ ሠርቷል፤ ገበሬ ዘር የሚዘራበት ጊዜ መድረሱን የሚያውቀው በሷ ነው። ሽማግሌው የተናገሩትን ሳልነግረው ልለቀው አሰብሁ። ከዚያ ቃሉ የሱ ነው፣ የኔ አይደለም ብዬ ነገርሁት።

«"የልጄ ስጦታ ናት፣ ልውሰድለትና እንታረቅ" ብለው ነበር» አልኩት።

«"ልጄ" ነው ያሉት?» አለ። «"የሚሳኦ ባል" አይደለም?»

«"ልጄ" ነው ያሉት።»

ጣቢያው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። ሚሳኦ አጠገቡ ተቀመጠች። እጆቹን አየ፣ ገለበጣቸው፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው።

«በሩ ጋ እኮ ነበርኩ» አለ።

«ነበርክ» አልኩት።